ስለ ቁርና ስለ ቫልቭ አዘጋግ፤ በሞላሌ የተደረገ ምልልስ

የኅዳር ውርጭ ከሣሩ ላይ ገና ሳይረግፍ፥ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሞላሌ፥ ዕድሜያቸውን ሁሉ ፊደል ሲያስቆጥሩና ዳዊት ሲያስደግሙ የኖሩ አንድ የኔታ፥ ከእግራቸው ሥር ተምሮ በኋላ ባሕር ተሻግሮ የፈሳሽ ጋዝ ቫልቮችን መሥራት መተዳደሪያው ካደረገ መሐንዲስ ጋራ ፀሐይ ሊሞቁ ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጠው ነበር። ከፊት ለፊታቸው የከብት አዳቃዩ ቴክኒሽያን፥ ሆዱ ሰፊ አንገቱ ጠባብ የሆነውን የአሉሚኒየም ዕቃውን ከሞተር ብስክሌቱ አውርዶ ክዳኑን አነሣና ቀጭን በትር ወደ ውስጥ ሰደደ፤ መልሶ አውጥቶም በአየር ላይ ሲያወዛውዘው ከበትሩ ጫፍ ጀምሮ እስከ አንድ ስፍራ ድረስ ነጭ አመዳይ ያዘው። ያ የነጣው ርዝመት በዕቃው ውስጥ የቀረው የፈሳሽ ናይትሮጅን ልክ ነበር። ምልልሱ የተነሣው ከዚህ ነው።

የኔታ፦ ልጄ፥ ይህ ሰው ክዳኑን ሲመልስ አየሁት። ቪት የለው፥ ዳዶ የለው፥ የሚይዘው ማሠሪያ የለው፤ እንዲያው አንገቱ ውስጥ ጣል አደረገው እንጂ አላጠበቀውም። ናይትሮጅኑ ከሩቅ በመኪና የሚመጣ፥ ካለቀም የኮርማው ዘር የሚጠፋ ነው ይላሉ። እንዲህ ያለ ውድ ነገር ያለ ማሸጊያ ይተዋልን?

መሐንዲሱ፦ ታስቦ የተደረገ ነው፥ የኔታ። ይህ ፈሳሽ በባሕር ወለል ላይ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ይፈላል፤ በእኛ ደጋ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያም ሦስት ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይፈላል። እኛ ውርጭ ነው ብለን በርኖስ የምንደርብበት ይህ ማለዳ ለእርሱ እሳት ነው። ስለዚህ በዕቃው ግድግዳ ውስጥ ያለው ባዶ ክፍተት ሙቀቱን ቢያዘገይለትም ሌት ተቀን በቀስታ እየፈላ ይተናል። አንዱ ሊትር ሲተን ወደ 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣዋል። ክዳኑን አጥብቀን ብንዘጋው ያ ሁሉ ጋዝ መውጫ አጥቶ ዕቃውን ይቀደዋል። አዳቃዩም በተዘጋ የመኪና ጋቢና ውስጥ አብሮት እንዳይጓዝ የሚከለከለው ስለዚሁ ነው፤ ናይትሮጅን መርዝ አይደለም፥ ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78ቱ እርሱ ነው፤ ነገር ግን ሽታ ስለሌለው ኦክስጅኑን ቀስ ብሎ ሲያባርር ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል።

የኔታ፦ እንግዲያማ አንተ በሰው አገር የምትደክምበት የማሸግ ጥበብ ለዚህ ምኑ ነው?

መሐንዲሱ፦ ይህች ትንሽ ዕቃ የመጨረሻዋ ተቀባይ ናት። ከእርሷ በላይ ፈሳሹን የሚያመርተው መሣሪያ አለ፤ ከዚያም በግፊት የሚያስቀምጠው ትልቁ ታንክ፥ ከታንኩም ወደ ታናናሾቹ የሚያከፋፍሉት ቧንቧዎች አሉ። በ1970ዎቹ ዓመታት በቃሊቲ ብሔራዊው የማዳቀል ማዕከል ከተቋቋመ ወዲህ የአገራችን የላም ማዳቀል ሥራ በዚህ ፈሳሽ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ነው። ለመንዝ በግ እንኳ ነገሩ ሌላ ነው፤ የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ከባልንጀሮቹ ጋራ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ ሞላሌና መሐል ሜዳ ላይ ገበሬው ራሱ አውራ በግ እየመረጠ ዘሩን እንዲያሻሽል አድርጓል፤ በበግ ላይ የበረደው ዘር ብዙም አይሳካም። ለላሟ ግን ዘሩ አዲስ አበባ ተመርቶ መንዝ የሚደርሰው በዚህ ቁር ውስጥ ታስሮ ነው። በትልቁ ታንክ ላይ ያለ አንድ ቫልቭ ቢያንጠባጥብ፥ የጎደለው የሚታወቀው እዚህ፥ በዚህ በትር ላይ ነው።

የኔታ፦ ካንጠባጠበ አጥብቆ መዝጋት ነዋ! ዘመዶቼ የውኃውን ቧንቧ እንደዚያ ያደርጋሉ፤ ከበረታም ጎሚኒውን ይቀይራሉ።

መሐንዲሱ፦ የሠራተኞቹም የመጀመሪያ ሐሳብ ይኸው ነው፤ አብዛኛውም ጥፋት የሚመጣው ከዚሁ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ስፍራ፥ የሚያንጠባጥበውን ቫልቭ ለመዝጋት በመፍቻው እጀታ ላይ የአንድ ሜትር ቧንቧ ሰክተው ሁለት ጎረምሶች ሲንጠለጠሉበት አይቻለሁ። ለጊዜው ቆመ። በማግሥቱ ሲከፍቱት የቫልቩ ክዳን የሚያርፍበት መቀመጫ ተሰርጉዶ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ቢያጠብቁት አልዘጋም።

ጎሚኒውን በተመለከተ ደግሞ፥ ጎማ ጎማ የሚሆነው በውስጡ ያሉት ረጃጅም ሰንሰለቶች ለመላወስ የሚበቃ ሙቀት እስካላቸው ድረስ ነው። ተራው የቫልቭ ጎማ ከዜሮ በታች ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይገተራል፤ ብርዱ ቢበረታበትም ፍጹም ብርጭቆ ይሆናል፥ በመዶሻ ቢመቱት ይደቃል። ይህን ያህል ብርድ እንኳ ሳይኖር ጎማ ሰው ጨርሷል። ጥር 28 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር ከሰባት ነፍሳት ጋራ በሰማይ የፈነዳችው፥ የሮኬቱን መጋጠሚያ ያሽግ የነበረው የጎማ ቀለበት በማለዳው ውርጭ ደርቆ ክፍተቱን ፈጥኖ ሊከተል ባለመቻሉ ነው። ሪቻርድ ፋይንማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ከመርማሪዎቹ ፊት የዚያን ጎማ ቁራጭ ጨምቆ በበረዶ ውኃ ከነከረ በኋላ፥ ሲለቀው ወዲያው ወደ ቅርጹ እንዳልተመለሰ አሳይቷል። የበረዶ ውኃ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ የእኛ ጉዳይ ከዚያ በታች ሁለት መቶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

የኔታ፦ ጎማው ከቀረ በምን ይታሸጋል?

መሐንዲሱ፦ አንደኛው መንገድ ቴፍሎን ነው፤ ሮይ ፕለንኬት የተባለ ኬሚስት በ1938 እ.ኤ.አ. ሳይፈልገው ያገኘው ነገር። ቴፍሎን በዚያ ቁር ውስጥ እንኳ ጥቂት መለዘብ አይለየውም። ነገር ግን ከብረት ጋራ ሲኖር አንድ ጠብ አለበት። ከዚህ ቀን ሙቀት እስከ ናይትሮጅን ቁር ሲወርድ፥ የማይዝገው ብረት ከርዝመቱ ከመቶ 0.3 ገደማ ሲቀንስ ቴፍሎኑ 2 ያህል ይቀንሳል። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ቢሆን፥ ብረቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ሲሰበሰብ ቴፍሎኑ 1 ሚሊ ሜትር ይሰበሰባል ማለት ነው። እንግዲህ ይመልከቱ፤ ቀለበቱ ከውጭ በኩል ከብረቱ ግድግዳ ይሸሻል፥ በውስጥ በኩል ደግሞ የቫልቩን ዘንግ አንቆ ይይዛል። ሠራተኛው ዘንጉ አልዞር ሲለው "እጅግ ጠብቋል" ይላል፤ ፈሳሹ ግን በዚያው ሰዓት በውጭው ጎን በተከፈተው ስንጥቅ እያፏጨ ይወጣል። ሲሞቅ ሁሉም ወደ ቦታው ስለሚመለስ፥ ቫልቩን ወደ ወርክሾፕ ወስዶ ቢመረምረው አንዳች ነውር አያገኝበትም።

የኔታ፦ ይህስ የብራናው ነገር ነው። ብራና ፋቂው ቆዳውን በእንጨቱ ላይ ሲወጥር፥ ቆዳው እየደረቀ ሲሄድ ይሰበሰባል። ገመዱን ያለ ቅጥ ካከረረው ቆዳው ይቀደዳል፤ ካላላው ደግሞ ይጨማደዳል። ስለዚህ ዕለቱን ሁሉ ገመዱን እየዳሰሰ፥ ቆዳው ወደ ሳበበት እየተከተለ ያስተካክላል።

መሐንዲሱ፦ ብራናው የሚሰበሰበው በድርቀት ነው እንጂ በቁር አይደለም፤ ግን "እየተከተለ" ያሉት ቃል የሙያችን ሁሉ ቁም ነገር ነው። በቁር ውስጥ የሚያሽገው ኀይል አይደለም፤ የሸሸውን የሚከተል ነገር ነው። ስለዚህ ቴፍሎኑን ድፍን ቀለበት አድርገን አንተወውም። ከንፈሩ ወደ ግፊቱ የተከፈተ ቦይ አድርገን እንቀርጸውና፥ በቦዩ ውስጥ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ስስ ሞላ እንከትበታለን። ቴፍሎኑ ሲሰበሰብ ሞላው ከንፈሩን ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ፈሳሹም በራሱ ግፊት ከንፈሩን ይረዳዋል። በዘንጉ ላይ ያለውን ማሸጊያ የሚጫኑትን ቡሎኖችም፥ ከሥራቸው እንደ ሳሕን የጎበጡ ራንዴላዎች እንደረድርላቸዋለን፤ ማሸጊያው ሲሟሽሽ ራንዴላዎቹ ይዘረጉና ጫናውን ይጠብቁታል። ቡሎኑም የሚመረጠው ለብርታቱ ብቻ አይደለም። የአሉሚኒየም አካል በብረት ቡሎን ከታሠረ፥ አሉሚኒየሙ ከመቶ 0.4 ገደማ ስለሚሰበሰብ ቡሎኑ ከላይ ላልቶ ይቀራል፤ ወርክሾፕ ውስጥ በልኩ የተጠበቀው ቡሎን ቁር ውስጥ ያልተጠበቀ ሆኖ ያድራል።

የኔታ፦ ለስላሳው ነገር እንዲህ ካስቸገረ፥ ብረትን በብረት ላይ መዝጋት አይቻልምን?

መሐንዲሱ፦ ይቻላል፤ እኔም የምወደው እርሱን ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቀውም እርሱ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲቀመጥ ለዓይን የተጋጠመ ይመስላል እንጂ፥ የሚነካካው በጥቂት ጉብታዎች ብቻ ነው፤ በቀረው ጋዝ ያልፋል። ስለዚህ ክዳኑንና መቀመጫውን በደቃቅ የማለስለሻ ቅባት እርስ በርስ እያፋተግን እንሠራቸዋለን። ጠፍጣፋነቱን የምንለካው በብርሃን ነው፤ ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነ መስተዋት እንጭንበትና በአንድ ቀለም መብራት ሥር እናየዋለን፤ ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ ቀጥ ካሉ ብረቱ ቀጥ ብሏል፤ ከጎበጡ ጎብጧል። አንዱ መስመር ያህል የጎበጠ እንደ ሆነ ጉድለቱ ከሚሊ ሜትር ዐሥር ሺሕ እጁ ሦስት እጅ ገደማ ነው።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ የሚያደርግ አንድ ምሥጢር አለ። የማይዝገው ብረት፥ በተለይ 304 የሚባለው፥ ወደ ታላቅ ቁር ሲገባ ከውስጡ ጥቂቱ ክፍል የአቶሞቹን አሰላለፍ ይለውጥና ወደ ሌላ ዓይነት ብረት ይዞራል፤ ያም ሲዞር ትንሽ ያብጣል። እንግዲህ በሙቀት ፍጹም ጠፍጣፋ አድርገን የጨረስነው መቀመጫ፥ መጀመሪያ ፈሳሹን ሲነካ ይወላገዳል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከመጨረሻው ማለስለስ በፊት አካሉን በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነክሮ፥ የሚለወጠው ሁሉ አስቀድሞ እንዲለወጥ ማድረግ ነው።

የኔታ፦ መቼ እንደ በቃው በምን ታውቃላችሁ?

መሐንዲሱ፦ ፈሳሹ ራሱ ይናገራል። ብረቱ ገና ትኩስ ሳለ የተነነው ጋዝ እንደ ልብስ ሆኖ ስለሚሸፍነው ፈላው ይዘገያል፤ ላይደንፍሮስት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1756 እ.ኤ.አ. በጋለ ብረት ላይ ስለሚንከባለል የውኃ ጠብታ የጻፈው ይህንኑ ነው። ሰው ገና በዚህ ዝግታ "አበቃ" ብሎ ሊያወጣው ይጣደፋል። ከዚያ ብረቱ ይበልጥ ሲቀዘቅዝ የጋዙ ልብስ ይቀደድና ፈሳሹ በአንድ ጊዜ ይንፈቀፈቃል፥ ከገንዳውም ይረጫል፤ ቀጥሎ ዝም ይላል። ከዚያ ዝምታ በኋላም ለወፍራሙ አካል ሰዓት መጨመር ነው፤ ልቡ ከገጹ በኋላ ይቀዘቅዛልና።

የኔታ፦ ብረቱስ ማናቸውም ብረት ይሆናል?

መሐንዲሱ፦ አይሆንም። ተራው የግንባታ ብረት በብርድ ይሰበራል፤ አቶሞቹ የተደረደሩበት ሥርዐት በቁር ጊዜ መንሸራተትን ይከለክላቸዋልና። ኒኬልና ክሮሚየም ያለበት የማይዝግ ብረት፥ መዳብ፥ ነሐስና አሉሚኒየም ግን ቁሩን ይችሉታል። ይህን ዓለም የተማረው በደም ነው። ጥቅምት 20 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ከመቶ 3.5 ኒኬል ያለበት የፈሳሽ ጋዝ ታንክ ተቀደደና ጋዙ ወደ ጎዳናው ወርዶ ተቀጣጠለ፤ 130 ሰዎች ሞቱ። ዛሬ ለእንዲህ ያለው ታንክ ከመቶ 9 ኒኬል ያለበት ብረት ይሠራበታል።

የኔታ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው ያሳየኸኝ ሥዕል ላይ ቫልቩ እንደ ሽመላ ረጅም አንገት ነበረው። እጀታው ከፈሳሹ ያን ያህል የራቀው ለጌጥ ነው?

መሐንዲሱ፦ የኔታ፥ ከመላው ሥራ እጅግ ብልህ ሆኖ የማገኘው ያን አንገት ነው፤ ችግሩን ከማሸነፍ ይልቅ ከችግሩ መራቅ ነውና። ቫልቭ የሚያንጠባጥብበት ደጃፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በመቀመጫው በኩል፥ ሌላው ዘንጉ ወደ ውጭ በሚወጣበት ቀዳዳ። ሁለተኛውን ደጃፍ ከፈሳሹ አጠገብ ብናደርገው ማሸጊያው ይደርቃል፥ የአየሩ እርጥበትም ዘንጉ ላይ በረዶ ሆኖ እጀታውን ይይዘዋል። ስለዚህ አካሉን ከላይ በስስ ቱቦ አስረዝመን ማሸጊያውን ከጫፉ እናስቀምጠዋለን። ፈሳሹ ወደ ቱቦው ጥቂት ሲወጣ ይተናል፤ የተነነውም ጋዝ እዚያው ታፍኖ ቆሞ ሙቀት የማያሳልፍ ዐምድ ይሆናል። ማሸጊያውም የሚኖረው በሰው ሙቀት ዘንድ ነው፤ ተራ ቴፍሎን ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው አንገቱ ወደ ላይ ሲቆም ነው። ጋዙ ከላይ፥ ፈሳሹ ከታች መሆን አለባቸው። ቦታ ጠበበን ብለው ቫልቩን አጋድመው የሚተክሉ አሉ፤ ያን ጊዜ ፈሳሹ ወደ አንገቱ ይፈስና እስከ ማሸጊያው ይደርሳል። አንገቱ በነጭ በረዶ ተሸፍኖ ሲገኝ "የቫልቩ ጥራት ተበላሽቷል" ይባላል፤ የተበላሸው አተካከሉ ነው።

የኔታ፦ እንዲህ አድርጋችሁ ፍጹም ዘጋችሁት እንበል። ያኔ ጨረሳችሁ?

መሐንዲሱ፦ ያን ጊዜ ሌላ አደጋ ይወለዳል። በአንድ ቧንቧ ላይ ያሉ ሁለት ቫልቮች ሁለቱም አጥብቀው ቢዘጉ፥ በመካከላቸው የቀረው ፈሳሽ ከፀሐዩ ሙቀት እየተቀበለ ይተናል፤ መውጫ ከሌለው ግፊቱ ከማናቸውም ቧንቧ አቅም ያልፋል። ስለዚህ ፈሳሽ ሊታሰርበት በሚችል ስፍራ ሁሉ ግፊት ሲበዛ የሚከፈት መተንፈሻ ቫልቭ ይደረጋል። ባለ ኳስ ቫልቭ ከሆነም፥ ሲዘጋ በኳሱ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ ስለሚታፈን፥ ኳሱን ወደ ግፊቱ ወገን በትንሽ ቀዳዳ እንበሳዋለን። ይህችን ቀዳዳ ስሕተት መስሎት የሚደፍናት ሰው አይጠፋም። በቀዳዳዋም የተነሣ ያ ቫልቭ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዘጋል፤ በአካሉ ላይ የተቀረጸውን ቀስት ማየት ያስፈልጋል።

ኦክስጅን ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ፤ ቅባት ከቶ አይነካውም። ዘይትና ንጹሕ ኦክስጅን ሲገናኙ በትንሽ ምክንያት ይነድዳሉ። እኛ አገር አብዛኞቹ ሆስፒታሎች የሚያገኙት ከአየር ተጣርቶ የታመቀ ጋዝ ስለሆነ ፈሳሹ ገና ብዙ አልተለመደም፤ የቅባቱ ክልከላ ግን ለጋዙም ነው።

የኔታ፦ መዝጋቱን የምትፈትኑት በውኃ ነው?

መሐንዲሱ፦ ውኃማ ከናይትሮጅን ቁር ሳይደርስ ድንጋይ ይሆናል። በናይትሮጅን ጋዝም አንፈትነው፤ በግፊት ሥር ወደ ፈሳሽ ይመለስና መንጠባጠቡን ይደብቀዋል። የምንጠቀመው ሂሊየም ነው፤ እርሱ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች በ269 ዲግሪ ነውና በዚያ ቁር ውስጥም ጋዝ ሆኖ ይቆያል፥ ቅንጣቱም ረቂቅ ስለሆነ ጠባቡን ስንጥቅ ያገኘዋል። ቫልቩን ከናይትሮጅን ገንዳ ውስጥ ነክረን በሂሊየም ግፊት እየከፈትን እየዘጋን በመቀመጫው በኩል የሚያልፈውን እንለካለን። የብሪታንያ 6364 የተባለው መመዘኛም በመቀመጫው በኩል የተወሰነ መጠን ይፈቅዳል፤ ዜሮ አይልም።

የኔታ፦ ይህንስ አልወደድሁትም። የተዘጋ ነገር ተዘጋ ነው።

መሐንዲሱ፦ ዜሮ ብሎ የሚፈርመውን ሰው የለካበት መሣሪያ ምን ያህል ጥቂቱን ማየት እንደሚችል ይጠይቁት፥ የኔታ።

የኔታ፦ እሺ፥ ይሁን። ይህ ሁሉ የባለጠጋ አገር ሥራ ነው። ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት ያለው ልጅ ከዚህ የሚያገኘው አለ?

መሐንዲሱ፦ አለ። ሞላ ያለበትን ከንፈር ከውጭ ማስመጣት ይኖርበታል። የቴፍሎን ድፍን ቀለበት ግን በቶርኖ ይቆርጣል፤ ስንት እንደሚሰበሰብ ካሰበለት ለውስጠኛው ጎን ማሸጊያ ይሆነዋል። ለማይንቀሳቀሱት መጋጠሚያዎች ደግሞ የመዳብ ቀለበት ይቅረጽ፤ መዳብ ሲሠሩት ይጠነክራልና፥ ከመግጠሙ በፊት እስኪቀላ አግሎ ውኃ ውስጥ ይንከረው፤ ብረት በዚህ ይጠነክራል፥ መዳብ ግን ይለሰልሳል። ከዚያ ጥቁሩን ቆዳ አጽድቶ ይግጠመው። የተጨመቀበትን ቀለበት ዳግመኛ ሳያግል አይጠቀምበት። ቧንቧው ውስጥ ፈሳሽ ከመልቀቁ በፊትም በደረቅ ናይትሮጅን ጋዝ ይንፋው፤ በመቀመጫው ላይ የቀረች አንዲት ጠብታ ውኃ በረዶ ሆና ለስላሳውን ፊት ትፍቀዋለችና።

የኔታ፦ በረዶ ይዞት እጀታው እምቢ ቢለውስ?

መሐንዲሱ፦ መዶሻውን ያስቀምጥ፤ አንገቱን ለብ ባለ ውኃ ያጥበውና ይጠብቅ፤ ወደ መተንፈሻው ቫልቭ ግን ውኃው እንዳይደርስ ይጠንቀቅ፤ እዚያ ከቀዘቀዘ መውጫውን ይደፍነዋል። አዲስ የተተከለውንም ቫልቭ መጀመሪያ ቀዝቅዞ እንደገና ሲሞቅ ቡሎኖቹን በመለኪያ መፍቻ ይያቸው፤ ከሁለተኛውም ከሦስተኛውም ቁር በኋላ እንዲሁ ያድርግ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አይላላም።